የአንገቱ ወይስ የብሪጁ? በቤዝ ጊታር የፒክአፕ ምርጫ ላይ የተሰጠ ገለጻ



የዛሬውን ገለጻ የምጀምረው በእርማት ነው። ቤዝ ጊታር ለሚያጠኑ ተማሪዎቼ ለብዙ ዓመታት የሰጠሁት አንድ ምክር አለ፤ «ስታጅቡ የአንገቱን፣ ለብቻችሁ ስትጫወቱ የብሪጁን ፒክአፕ ክፈቱ» የሚል። እኔም ከመምህሮቼ የተቀበልሁት ነው። አጭር ነው፤ ለማስታወስ ይቀላል፤ ግማሽ እውነትም አለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ተማሪ በመመረቂያ ዝግጅቱ ላይ ይህንን ምክር አንዳች ሳያጓድል ፈጸመ። የብሪጁን ፒክአፕ እስከ ዜሮ አወረደ፤ የአንገቱን እስከ መጨረሻው ከፈተና ማጀብ ጀመረ። ከኋላ የተቀመጥነው ሰዎች ወንበራችን ሲንቀጠቀጥ ይታወቀን ነበር፤ የትኛው ኖታ እንደተመታ ግን ለይተን መስማት አልቻልንም። ጣቶቹን ትክ ብዬ ስመለከት ስሕተት አልነበረባቸውም። በውጤቱ ወረቀት ላይ «መስመሩ አልጠራም» የሚል አስተያየት ተጽፎ መጣ። ልጁ የገዛ አጨዋወቱን ተጠራጠረ። መጠራጠር የነበረበት ግን የእኔን ምክር ነው። ምክሩ የት ላይ እንደሚሳሳት ዛሬ በሥሌት ለማሳየት እሞክራለሁ፤ ሥሌቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትሪጎኖሜትሪ አያልፍምና አትስጉ።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ፒክአፕ ማይክሮፎን አይደለም። ማይክሮፎን የአየርን ንዝረት ይቀበላል፤ ፒክአፕ ከአየሩ ጋር ጉዳይ የለውም። ማግኔት ነው፤ በዙሪያው ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ጊዜ ተጠምጥሞበታል። ከበላዩ የተወጠረው የብረት አውታር ሲወዛወዝ የማግኔቱን መስክ ያውካል፤ መስኩ ሲለዋወጥም በሽቦው ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 ያሳየው ሕግ ይኸው ነው። (ዓመታቱን በሙሉ የምጠራው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።) በዚህ ምክንያት የበገናን የአንጀት አውታር ከፒክአፕ በላይ ብንወጥር፣ የቱንም ያህል ብንደረድረው፣ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣ ድምፅ አይኖርም። ከዚህ ውስጥ ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመን አንድ ነጥብ ነው፤ ፒክአፕ የሚያውቀው ከራሱ በላይ ያለችውን የአውታር ቁራጭ ብቻ ነው። ከእርሷ ግራና ቀኝ የሚሆነውን አያይም።

አውታር ሲመታ ደግሞ በአንድ ዓይነት መንገድ ብቻ አይወዛወዝም። በሙሉ ርዝመቱ ይወዛወዛል፤ በዚያው ቅጽበት በግማሽ፣ በሲሶ፣ በሩብ ተከፋፍሎም ይወዛወዛል። ባዶው የላ አውታር በሙሉ ርዝመቱ በሰከንድ 55 ጊዜ፣ በግማሹ 110፣ በሲሶው 165 ጊዜ እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያውን መሠረታዊ ድምፅ፣ ሁሉንም በአንድነት ሃርሞኒክ እንላቸዋለን። የድምፁን ከፍታ የሚወስነው መሠረታዊው ሲሆን፣ የድምፁን ቀለም የሚወስነው የእነዚህ የሃርሞኒኮች የእርስ በርስ መጠን ነው። አውታሩ በሁለቱ ጫፎቹ የታሰረ ስለሆነ በብሪጁ አጠገብ መሠረታዊው ውዝዋዜ እጅግ ጠባብ ነው፤ ወደ መሐል በሄድን ቁጥር ይሰፋል። ይህንን ለክራር ደርዳሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ወደ ብርኩማው ተጠግቶ ሲመታ ድምፁ ሰልቶ እንደሚሳሳ፣ ወደ መሐል ሲመታ እንደሚወፍር እጁ ያውቀዋል።

የጊታር ሠሪዎችም ከመጀመሪያው ጀምሮ የተለያየ ቦታ መርጠዋል። ሊዮ ፌንደር በ1951 ባወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ ላይ አንድ ፒክአፕ ብቻ ነበር፤ በ1957 ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለሁለቱ ወፍራም፣ ግማሹ ለሁለቱ ቀጭን አውታሮች ሆነ። ጊብሰን በ1959 በኢቢ-0 ላይ ትልቁን ፒክአፕ ከአንገቱ ሥር ለጠፈው፤ ሚዩዚክ ማን በ1976 በስቲንግሬይ ላይ ወደ ብሪጁ አስጠጋው። ለእኛ ጥያቄ የሚመቸው ግን በ1960 የወጣው የፌንደር ጃዝ ቤዝ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ጠባብ ፒክአፖች አሉት፤ ለየራሳቸው ቮሊዩም፣ ለሁለቱም አንድ ቶን። ፒክአፖቹ በአሠራር ስለሚመሳሰሉ በመካከላቸው የምንሰማው ልዩነት በአብዛኛው የቦታ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ሰሌዳው እንሂድ። የጃዝ ቤዝ ባዶ አውታር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86.4 ሳንቲ ሜትር ነው። የአንገቱ ፒክአፕ ከብሪጁ 15፣ የብሪጁ ደግሞ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። አንድ ፒክአፕ አንድን ሃርሞኒክ ምን ያህል እንደሚሰማ ለማወቅ፣ ፒክአፑ ከብሪጁ ያለውን ርቀት ለአውታሩ ርዝመት አካፍለን፣ በሃርሞኒኩ ቁጥርና በ180 ዲግሪ አባዝተን፣ ሳይኑን እንወስዳለን። ለመሠረታዊው ድምፅ የአንገቱ 0.52፣ የብሪጁ 0.22 ይመጣል። ይህም ማለት የብሪጁ ፒክአፕ ከመሠረታዊው ድምፅ የሚያገኘው የአንገቱ የሚያገኘውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። «የብሪጁ ፒክአፕ ደካማ ነው» የሚለው ሮሮ ምንጩ ይህ ነው። ግን ወደ ላይ እንቀጥል። አራተኛው ሃርሞኒክ ላይ 0.82 እና 0.77 ሆነው ሊስተካከሉ ይደርሳሉ። አምስተኛው ላይ አንገቱ ወደ 0.40 ሲወርድ ብሪጁ 0.89 ይደርሳል። ስድስተኛው ላይ አንገቱ 0.13 ብቻ ይቀረዋል፤ ብሪጁ 0.97 ነው። የአንገቱ ፒክአፕ በዚህ ቦታ ደንቁሯል ማለት ይቻላል፤ ስድስተኛው ሃርሞኒክ ጸጥ ከሚልበት ነጥብ አጠገብ ተቀምጧልና።

እስከዚህ ድረስ ያለው በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኝ ነው። እኔ ለብዙ ጊዜ ያላስተዋልሁት ቀጥሎ ያለውን ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች የባዶ አውታር ናቸው። ጣታችንን ፍሬት ላይ ስናሳርፍ አውታሩ ያጥራል፤ ፒክአፑ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። እንግዲህ ስድስተኛው ሃርሞኒክ ነው የሚጠፋው ብለን መናገር አንችልም። በኸርዝ ካሰብነው ግን ነገሩ ይቀላል፤ በአንድ አውታር ላይ ፒክአፑ የማይሰማው ድግግሞሽ የትኛውም ፍሬት ቢያዝ አይለወጥም። ለአንገቱ ፒክአፕ በሚ አውታር ላይ 237፣ በላ 317፣ በሬ 423፣ በሶል 564 ኸርዝ ገደማ ነው። ለብሪጁ ፒክአፕ በሚ አውታር ላይ 593፣ በላ 792 እያለ ይሄዳል። ፒክአፑ በየአውታሩ ላይ በቋሚነት የተቆፈረ ጉድጓድ አለው ብለን እናስብ። ኖታውን ከፍ ስናደርግ ሃርሞኒኮቹ አንድ በአንድ ወደዚያ ጉድጓድ እየገቡ ያልፋሉ።

የተማሪዬ ጉዳይ እዚህ ላይ ተፈታልኝ። ያጅብበት የነበረው መስመር በአብዛኛው ሬ ላይ የሚመላለስ ሲሆን፣ እርሱ የሚጫወተው በሚ አውታር 10ኛው ፍሬት አካባቢ ነበር፤ እጁ ሳይርቅ ሁሉንም ኖታ ስለሚያገኝበት መረጠው። የሬ ሃርሞኒኮች 73፣ 147፣ 220፣ 294 ኸርዝ ናቸው። በሚ አውታር ላይ የአንገቱ ፒክአፕ ጉድጓድ 237 ላይ ነውና ሦስተኛው ሃርሞኒክ፣ 220ው፣ ከአፉ ላይ ወደቀ። የቀረው በዋናነት መሠረታዊው ድምፅ ነው፤ እርሱም ከቤዝ ድራሙ ጋር በአንድ ሰፈር ይኖራል። ያንኑ ሬ በባዶው የሬ አውታር ቢመታው ኖሮ ጉድጓዱ 423 ላይ ስለሚሆን ታችኞቹ አራት ሃርሞኒኮች በሙሉ ይተርፉለት ነበር። ፒክአፑን ሳይነካ፣ አውታሩን ብቻ ለውጦ። ለካስ ምርጫው የማብሪያና ማጥፊያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የግራ እጅም ጉዳይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ፒክአፕ በ24ኛው ፍሬት ሥር ከተቀመጠ ልዩ ጣዕም አለው የሚባለውም በዚሁ ሥሌት ይመረመራል። ያ ነጥብ የአውታሩ ሩብ ስለሆነ አራተኛው ሃርሞኒክ በዚያ ቦታ ጸጥ ይላል፤ ለባዶ አውታር ብቻ። አንድ ፍሬት ሲያዝ ነጥቡ ይሸሻል። ጣዕም የለውም አልልም፤ ምሥጢር ግን የለበትም።

ሁለቱን ፒክአፖች በአንድነት ስንከፍትስ? ብዙ ተማሪ የሁለቱን መልካምነት ደምሮ የሚያገኝ ይመስለዋል። መሠረታዊው ድምፅ በእርግጥ ይደመራል፤ 0.52 እና 0.22፣ 0.74 ይሆናል። ከስድስተኛው ሃርሞኒክ ጀምሮ ግን አውታሩ ከአንዱ ፒክአፕ በላይ ወደ ላይ ሲሄድ ከሌላው በላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ምልክታቸው ይቃረናል። በባዶው አውታር ስምንተኛው ሃርሞኒክ ላይ አንገቱ ተቀናሽ 0.94፣ ብሪጁ ተደማሪ 0.98 ነው። ተደምረው 0.05 እንኳ አይሞሉም። ዘጠነኛውና አሥረኛውም እንዲሁ ተጣፍተው ያልቃሉ። በላ አውታር ላይ ይህ ከ440 እስከ 550 ኸርዝ ያለው ክልል ነው። ሁለቱም ሲከፈቱ የሚሰማው፣ ታችና ላዩ የጎላ መካከሉ የጎደጎደ ድምፅ፣ ምንጩ ይኸው ነው። በአውራ ጣት ለሚመታ አጨዋወት ያምራል። ሳክስፎን፣ ኦርጋንና ጊታር መካከሉን በያዙበት ባንድ ውስጥ ግን ቤዙ ከመሐል ተነሥቶ የሄደ ይመስላል። አንዱን ቮሊዩም በትንሹ ብቻ ዝቅ ስናደርግ መጣፋቱ ጎዶሎ ይሆንና መካከሉ ይመለሳል። ብዙ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የአንዱን ቮሊዩም ጥቂት መለስ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም።

እርሱን ስናደርግ የምንከፍለው ዋጋ አለ። ጃዝ ቤዝ ላይ ያሉት ሁለቱ ጥቅልሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጠመጠሙና ማግኔቶቻቸው ሲገለበጡ፣ ከመብራት መስመር የሚገባው ጉርምርምታ ሁለቱም እኩል ሲከፈቱ ይጣፋል፤ አንዱን ስናወርድ ይመለሳል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። በሚ አውታር 3ኛ ፍሬት ላይ ያለው ሶል ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ የሚያላጋ፣ ኖታው ራሱ የታመመ የሚያስመስል ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ተማሪዎች አውታር ሲለውጡ፣ ማቃኛ ሲያጠብቁ አይቻለሁ። መጀመሪያ ከአምፕሊፋየሩና ከፍሎረሰንት መብራቱ ራቅ ብላችሁ ዙሩ፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው የምድር መስመሩን ይመልከትላችሁ።

ስለ ቀኝ እጅ ብዙ አልናገርም፤ ሕጉ አንድ ነውና። አውታሩ የተመታበት ነጥብ ላይ ጸጥ የሚል ሃርሞኒክ ሲጀመርም አይነሣም። አውራ ጣቱን በአንገቱ ፒክአፕ ላይ አሳርፎ እዚያው አጠገብ የሚመታ፣ የአንገቱን ፒክአፕ ብቻ የከፈተ ተጫዋች ያንኑ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ይቆፍራል። ይህ ልማድ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ እኔም አለብኝ።

አሁን ከመሣሪያው ወጥተን ወደ ጆሮ እንግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ይመስለኛል። የባዶው ሚ አውታር መሠረታዊ ድምፅ 41 ኸርዝ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት በአየር ውስጥ ከ8 ሜትር ይበልጣል። ትንሽ ክፍል አይችለውም፤ አንዱ ጥግ ላይ ይከመራል፣ ሌላው ጥግ ላይ ይጠፋል። የስልክና የታክሲ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ፈጽሞ አያወጣውም። ያም ሆኖ በስልክ ስንሰማ ኖታው ሚ መሆኑን እናውቃለን። ጆሯችን 82፣ 123፣ 165 ኸርዝን ሲሰማ የጎደለውን 41 ራሱ ይሞላዋል፤ ይህ በሥነ ድምፅ የታወቀ ጉዳይ ነው። እንግዲህ መሠረታዊውን እየጫነ ሃርሞኒኩን የሚያሳጣ ድምፅ፣ በትልቅ አዳራሽ ሆድ ቢያንቀጠቅጥም፣ በትንሽ ማጉያ ላይ ይሞታል። በ1980ዎቹ የሮሃ ባንድን አጃቢነት የሰማነው በአብዛኛው ከካሴት ማጫወቻ ነበር፤ የጆቫኒ ሪኮን የቤዝ መስመሮች በዚያች ትንሽ ማጉያ አማካይነት በቃላችን የያዝነው በመሠረታዊው ድምፅ ኃይል ሊሆን አይችልም።

የእኛን ቅኝቶች የሚመለከት አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለኝ። በአንቺሆዬና በአምባሰል ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ኖታዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከታች፣ በሚና በፋ መካከል ያለው ልዩነት 41.2 እና 43.7፣ ማለትም 2.5 ኸርዝ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ልዩነት ከመሠረታዊው ድምፅ ብቻ፣ ያውም ኖታው ለአጭር ጊዜ ተሰምቶ ሲያልፍ፣ ጆሮ በቀላሉ አይለየውም። በስምንተኛው ሃርሞኒክ ላይ ግን ያው ልዩነት ወደ 20 ኸርዝ ይሰፋል። በትዝታ ሜጀር ላይ ታች የሚደባለቅ ድምፅ ያን ያህል አይጎዳም፤ ቅኝቱ ግማሽ ድምፅ የለውምና። አንቺሆዬን ግን ይገድለዋል። ስለዚህ በእኔ አመለካከት፣ በእነዚህ ቅኝቶች ዝቅ ብሎ ለሚያጅብ ሰው የብሪጁ ፒክአፕ የማጀቢያ ፒክአፕ ነው። ሳስተምር ከነበረው ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ መሆኑን አውቃለሁ።

«ጃኮ ፓስቶሪየስስ?» የሚለኝ አይጠፋም። በ1976 በስሙ ባወጣው አልበም የሚታወቀው ያ ድምፅ፣ ፍሬቱ ከተነሣለት የ1962 ጃዝ ቤዝ፣ በዋናነት ከብሪጁ ፒክአፕ፣ ወደ ብሪጁ በተጠጋ እጅ የወጣ ነው። በመሠረታዊው ድምፅ ላይ የደረሰውን ጉድለት ደግሞ አምፕሊፋየሩና ጣቱ ሞልተውለታል። ሆኖም ያ ድምፅ የብቸኛ ተጫዋች ብቻ አልነበረም፤ በዌዘር ሪፖርት ውስጥ ያጀበውም በእርሱ ነው። በሌላው ጫፍ የሞታውኑ ጄምስ ጄመርሰን አለ። በፕሪሲዥን ቤዝ ላይ የሚመርጠው ሁለተኛ ፒክአፕ አልነበረውም። አውታሮቹ ልሙጥ ነበሩ፤ ከብሪጁ ሽፋን ሥር ስፖንጅ ነበረበት፤ የሚመታውም በአንድ ጣት ነበር። ሃርሞኒክን ከሚቀንሱ ነገሮች ሁሉ ሦስቱን ሰብስቦ ሳለ መስመሩ ጠርቶ ይሰማል። ኖታው አጭር ነበር፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀምርም። የጄመርሰን ምሳሌ ሥሌቴን እንደማያፈርሰው፣ ነገር ግን ዳር እንደሚያበጅለት እቀበላለሁ። ጨለማ ድምፅ የሚደባለቀው ሲረዝም ነው።

ስለዚህ አሁን ተማሪ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ? መጀመሪያ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ክፈት፤ ጉርምርምታው ይጠፋልሃል። ከባንዱ ጋር ተጫወት እንጂ ብቻህን ሆነህ አትፍረድ፤ ብቻህን ስትሆን የአንገቱ ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ ወፍራም ነውና። መካከልህ የጎደለ ከመሰለህ የአንገቱን ጥቂት አውርድ። ሳሳ ካለብህ የብሪጁን። የብሪጁን ፒክአፕ በዊንጮቹ ወደ አውታሩ ጥቂት ከፍ ማድረግ የኃይሉን ልዩነት ያጠብበዋል፤ በጣም ካስጠጋኸው ግን ማግኔቱ አውታሩን እየሳበ ቅኝቱን ያዛባል። መስመርህ በሚ አውታር ላይ ከፍ ብሎ የሚጓዝ ከሆነ ወደ ቀጭኖቹ አውታሮች አውርደው። መሣሪያ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ርቀቱን በማስመሪያ ለካ፤ ፌንደር በ1970ዎቹ የብሪጁን ፒክአፕ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ብሪጁ ስላስጠጋው ሁለቱም ዓይነት በገበያ አለ። ያቺ 1 ሳንቲ ሜትር የመሠረታዊውን ድምፅ ድርሻ በ16 በመቶ ገደማ ትቀንሳለች።

ተማሪዬን ፈልጌ ይህንኑ ሁሉ ነግሬዋለሁ። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ መሣሪያውንም ይዞ መጥቷል። ያንኑ የመመረቂያውን መስመር ሦስት ጊዜ ይጫወትልናል። በየትኛው ጊዜ የቱን ፒክአፕ፣ የቱን አውታር እንደመረጠ አይነግረንም። ከኋላ የተቀመጣችሁ ኖታዎቹን በወረቀት ላይ ለመጻፍ ሞክሩ፤ ጥያቄና ውይይቱን ከወረቀቶቻችሁ እንጀምራለን።

(በዚህ ጊዜ በቤዝ ጊታር ሠርቶ ማሳያ ቀርቧል።)